«ስንት ሰው አየን?» ያልኩ ዕለት

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከልብ ጓደኛችሁ ጋር ተጣልታችሁ፣ ወራት ተኮራርፋችሁ፣ ስሙ ሲነሳ ፊታችሁን ስታዞሩ ከርማችሁ፣ በመጨረሻ ጥፋተኞቹ እናንተው ሆናችሁ ብትገኙ ምን ይሰማችኋል? እኔ ደርሶብኛል። ያጣላን ሴት አይደለችም። የብድር ብርም አይደለም። ያጣላን… ዳታቤዝ ነው! አትሳቁ። ዳታቤዝ ትዳር ያፈርሳል ባልልም ጓደኛን ከጓደኛ፣ አጎትን ከእህት ልጅ እንደሚያኳርፍ ግን ምስክሩ እኔ ነኝ።

የሚዛን ተፈሪ ልጅ ነኝ። ወረቀት ላይ ከተማችን ከአማን ጋር ተዳምራ «ሚዛን አማን» ትባላለች፤ እኛ ግን በአጭሩ ሚዛን ነው የምንላት። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ የስልክ ካርድ ምናምን የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ እንዲህ እጽፋለሁ። አብሮ አደጌ ግን ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል።

አገሩን ለማታውቁት፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ምድሩ ቡና ነው። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው፤ ከነሱ ሌላ ደግሞ ጓሮው ቡና የሌለው ገበሬ ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰዉ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ «ቀይ እሸት ዛሬ ስንት ገባ?»

እኛም በ2016 ዓ.ም. «ይህን ወሬ ለምን ስልክ ላይ አናወጣውም?» ተባባልን። ጓደኛዬ ሠራው። በየቀበሌው ያሉ ልጆች የዕለቱን ዋጋ ደውለው ይነግሩናል፣ እኛ እንመዘግባለን፣ ሰው በስልኩ ከፍቶ ያያል። «ሰሌዳው» ነበር የምንለው። ቀስ በቀስ የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና፣ ክፍት የሥራ ቦታ ሁሉ ተጨመረበት። በቀን 50 ሰው ያየው የነበረው 500 ሆነ፤ 500 የነበረው 2,000 ሆነ።

እዚህ ላይ ነው እኔ እጄን ያስገባሁት። «ስማ፣ በቀን ስንት ሰው እንዳየን ከላይ በትልቁ ይጻፍ» አልኩት። «ምን ያደርግልናል?» አለ። «ለማስታወቂያ!» አልኩ። እውነቱን ላውጣውና፣ ማስታወቂያው ሰበብ ነው። ካፌ ቁጭ ብዬ ለአንዲት ልጅ ስልኬን ላሳያት ፈልጌ ነው። «ይኸው ዛሬ 1,874 ሰው አይቶናል» ስላት «ጎበዝ ናችሁ!» አለችኝ። በቃ! ከዚያ በኋላ ቆጣሪዋን የሚነካት ሰው ከኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ሰብሳቢው ሳቀ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ሆነ። በዓለም ገበያም የአረቢካ ቡና ሽቅብ እየወጣ ነበር፤ የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ታዲያ በዚያ ዓመት የለቀማ ወቅት ዋጋው ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ሆነብን። ያልተጣራ ወሬ ይነፍሳል፣ ሰሌዳውን የሚከፍተው ሰው ይጎርፋል። እኔ ቆጣሪዬን እያየሁ እፈነጥዛለሁ።

ቀይ እሸት እንደ ጤፍ አይደለም፤ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም። ጠዋት ከተለቀመ በዚያው ቀን መፈልፈያ መግባት አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይግላል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ከሰዓት በኋላ ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ወይ አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ያደርገዋል። ለሁለተኛው ደግሞ ፀሐይም፣ አልጋም፣ የማይቸኩል ኪስም ያስፈልጋል።

አጎቴ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ አካባቢ ነው የሚኖረው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን 3 ኩንታል ቀይ እሸት አስለቅሞ መንገድ ዳር አወረደ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሰብሳቢው ሚዛኑን ሰቅሎ ዋጋ ጠራ። አጎቴም «ቆይ፣ የእህቴ ልጅ የሠራውን ልየው» ብሎ በኩራት ስልኩን አወጣ። ዋጋ ጨምሯል የሚል ወሬ ከቴፒ እስከ ሚዛን ተናፍሶ ስለነበር፣ እንደ አጎቴ ሁሉ አገሩ በሙሉ ስልኩን በአንድ ጊዜ አውጥቷል። ሰሌዳው ዞረ… ዞረ… ነጭ ሆኖ ቀረ። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሞቶ ዋለ።

አጎቴ ሸጠ። ማታ ሲሰማ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ በኪሎ 15 ብር ይበልጥ ነበር። 300 ኪሎ በ15 ብር ምቱት፤ 4,500 ብር።

በማግስቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። «ብሩን ተወው» አለ። «ያንተን ነገር እያየሁ መንገድ ዳር ስገተር ሰብሳቢው ሳቀብኝ። "የእህትህ ልጅ ተኝቷል እንዴ?" አለኝ።» ብሎ ተነሥቶ ገባ። ለሁለት ወር አላናገረኝም።

«ታዲያ ምን ተማርክ?»

ወደ ጓደኛዬ በረርኩ። «ሰርቨሩ አንሶናል፤ ትልቅ እንከራይ» አልኩ። «መጀመሪያ ምን እንደሚያንቀው ልየው» አለ። ማን ይሰማዋል! የእቁብ ተራዬ ደርሶኝ ነበር። ያን ብር አውጥቼ 4 እጥፍ የሚበልጥ ሰርቨር ተከራየን። ኪራዩ በዶላር ነው። ያውም ዶላር በእጥፍ በጨመረበት ሰሞን!

በሳምንቱ የገበያ ቀን ላይ ደግሞ ወደቀ። ስክሪኑ ላይ «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። መስመሩ ሞልቷል ማለት ነው።

ሱቄ ውስጥ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። እነሱ እየሰሙ «ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ታዲያ ምን ተማርክ?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። ከሰርቨሩ አይደለም። ከዓመታት በፊት ውጤት ካየሁባት ቀን ነው። እሱ ግን አልመለሰልኝም። ላፕቶፑን ዘጋ፣ ጃኬቱን አነሣ፣ ወጣ። ቴፒ ሥራ አግኝቶ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለኔ ግን ከአዲስ አበባ የራቀች ሆነች።

«ይቺ ቁጥር ምንድናት?»

አንድ ቀን ጽሑፍ ልታሳትም የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስበሳጭ አይታ «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» አለችኝ። ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኛ የምንጠቀመው ማይ ኤስ ኪው ኤል የሚባለውን ዳታቤዝ ነው። ዘግይተው የሚመለሱ ጥያቄዎችን ለይቶ የሚጽፍ ማስታወሻ አለው፤ ግን ካልከፈቱት ዝግ ነው። ቢከፈትም ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው የሚጽፈው። እሷ ከፈተችው፣ 10 የነበረውን 1 ሰከንድ አደረገችው፣ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ተወችው።

ስንመለስ ገጹ ሞልቷል። ከላይ እስከ ታች ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ዛሬ ስንት ሰው አየን?»

«ይቺ ቁጥር ምንድናት?» አለችኝ። ፊቴ ቀላ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝን እንደ መዝገብ ቤት አስቡት። አጎቴ መጥቶ «የሸኮን ዋጋ» ይላል። ሠራተኛዋ ዋጋውን ከመንገሯ በፊት ግን በኔ ትእዛዝ ሁለት ሥራ አለባት። አንደኛ፣ አጎቴ መምጣቱን በእንግዳ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ሁለተኛ፣ ያንን የእንግዳ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ከ2 ሚሊዮን መስመር በላይ አንብባ የዛሬዎቹን ትቆጥራለች። ለአንድ ዋጋ! 300 ሰው በአንዴ ሲመጣ 300 ጊዜ ትቆጥራለች። ትልቅ ሰርቨር ተከራየን ማለት ሠራተኛዋን «ፈጠን ብለሽ ቁጠሪ» አልናት ማለት ነው።

መስመሩስ ለምን ሞላ? ማይ ኤስ ኪው ኤል ካልተለወጠ በቀር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 151 መስመር ነው። ጥያቄው በቅጽበት ቢመለስ 151 ለኛ ከበቂ በላይ ነበር። ግን እያንዳንዱ መስመር የኔን ቁጥር እየቆጠረ ስለሚቆይ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ በሩ ላይ ይመለሳል።

የኔን ነገር ስሰማ ትልልቆቹም ታወሱኝ። መስከረም 21 ቀን 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያውን በበይነ መረብ ሲከፍት ሚሊዮኖች ጎረፉ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ግን 6 ሰዎች ነበሩ። ስድስት! ችግሩ ብዙ ነበር። አንዱ ግን እንግዳው ዋጋ ከማየቱ በፊት የራሱን መለያ እንዲከፍት መገደዱ ነው። «ስንት ነው?» ብሎ ሊያይ የመጣው ሁሉ በዚያች አንዲት ጠባብ በር ታጨቀ። እንግዳን በር ላይ የማያስፈልገውን ሥራ ማሠራት ከባለ ብዙ ዶላሮቹም አልቀረም ማለት ነው።

ያን ማታ ከጓደኛዬ ጋር የተጻጻፍነውን ቴሌግራም ወደ ኋላ አነበብኩት። ነሐሴ 2016 ላይ እንዲህ ብሎኝ ነበር፤ «ይቺ ቆጣሪ አንድ ቀን ትጥለናለች። እናውጣት።» የኔ መልስ የሳቅ ምልክት ነበር። ሦስት የሳቅ ምልክት።

እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቴፒ፣ ሦስተኛው ስኒ

በማግስቱ ቆጣሪዋን አወጣኋት። ሰሌዳው ያን ዕለት አልቆመም። ከዚያ ራሴን ማስተማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ማውጫ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ኢንዴክስ» የሚሉት። የስልክ ቁጥር ደብተራችሁ በፊደል ተራ ከሆነ ስም ለማግኘት ሁሉን አታነቡም። መሃሉን ትገልጣላችሁ፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ ትላላችሁ፣ እንደገና መሃሉን። 1 ሚሊዮን መስመር እንዲህ በየግማሹ እየከፈላችሁ ብትፈልጉ 20 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የምትገልጡት። ሚሊዮን ማንበብ የት፣ 20 መግለጥ የት! እኛ የዋጋው መዝገብ ላይ በቀበሌና በቀን የተሰደረ ማውጫ አልነበረንም። አስገባሁ። ደስ ስላለኝ የሰው ሱቅ እንዳገኘ ሕፃን በሁሉም ላይ ማውጫ ለጠፍኩበት።

ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቴፒ ወረድኩ። ቡና ቤት ተቀጣጠርን። አቦሉ መጣ፣ ዝም። ቶናው መጣ፣ ዝም። በመጨረሻ «በሰው ፊት ያልኩህ ነገር ልክ አልነበረም። ነግረኸኝ ነበር፤ ስቄ ነው ያለፍኩት። የወደቅነው በኔ ነው» አልኩት። ስኒውን እያዞረ ቆየና «ቆጣሪዋን አወጣሃት?» አለ። «አወጣኋት።» «ለልጅቷስ ምን አልካት?» ሁለታችንም ሳቅን። በረካውን አብረን ጠጣን።

ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራዬን ሲያይ ግን ጭንቅላቱን ያዘ። «ማውጫ አበዛኸው!» አዲስ ዋጋ በተጻፈ ቁጥር ማውጫዎቹም ሁሉ ይጻፋሉ፤ ስለዚህ ማንም የማይጠይቀውን ማውጫ መሸከም ጭነት ነው። ከ11 ማውጫ 3 አስቀረ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር የኛን አገር ሰው ይገባዋል። ጀበና! ቤታችሁ 30 እንግዳ ቢመጣ ለያንዳንዱ ለየብቻ ቡና ትቆላላችሁ? አንድ ጊዜ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ ለሁሉም ይቀዳል። የቡና ዋጋ በቀን ቢለወጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ ከዳታቤዙ አውጥቶ ለ5 ደቂቃ በቅርብ ማቆየትና ከዚያ መቅዳት ነው። በሞያው ቋንቋ «ካሽ» ይባላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ሜምካሽድ የሚባለው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ላይቭ ጆርናል ለተባለ የወጣቶች መገናኛ የተሠራ ነው። አንድ ወጣት፣ ብራድ ፊትዝፓትሪክ፣ የራሱ ዳታቤዝ በሰው ብዛት ሲጨነቅበት የፈጠረው። በኋላ ፌስቡክም ወሰደው።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ለቀማ ከመግባቱ በፊት ልምምድ አደረግን። ጓደኛዬ 3,000 የውሸት እንግዳ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። እንግዶቹ መጡ፣ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቆመ… በ5ኛው ደቂቃ ግን ተንገዳገደ! ለምን? ጀበናው ባለቀባት ቅጽበት 300ው እንግዳ ሁሉ በአንዴ ተነሥቶ ወደ ማጀት ሮጠ፤ ሁሉም የራሱን ቡና ሊቆላ!

«የማይክል ጃክሰን ነገር ነው» አለ ጓደኛዬ እየሳቀ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። ሰኔ 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ማይክል ጃክሰን ሲሞት ዓለም ሁሉ የሱን ገጽ ሊያይ ውክፔዲያ ላይ ተረባረበ። ገጹ ደግሞ በየደቂቃው ይስተካከላል። በተስተካከለ ቁጥር የተቀመጠው ቅጂ ያረጃል፤ ያኔ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ያንኑ ረጅም ገጽ እያንዳንዳቸው እንደገና ያሰናዱ ጀመር። ውክፔዲያም ተንገዳገደ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ አንዱ ብቻ ማጀት ይግባ፣ ሌሎቹ ይጠብቁ፣ እሱ ያፈላውን ይካፈሉ። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ግን ልብ በሉ፣ ጀበና ለሁሉም ነገር አይሠራም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣበትን ቀን አስቡት። የ2017ቱን ፈተና የወሰዱት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ይጠይቃል፣ ግን እያንዳንዱ የሚጠይቀው የራሱን ነው። የኔን ውጤት ለአንተ ብቀዳልህ ምን ያደርግልሃል? እዚያ የሚያድነው ማውጫውና የበሩ ብዛት ነው። ለዚህም ነው ውጤቱ በድረ ገጽ፣ በ6284 አጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት የተሰጠው። እኛም ትምህርቱን ወስደን፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ገበሬዎች ዋጋውን በአጭር መልእክት መላክ ጀመርን።

የመጨረሻው ነገር ደግሞ ይገርማችኋል። መስመሩን ከመጨመር ይልቅ ቀነስነው! 20 መስመር ብቻ። ሃያው በፍጥነት ይስተናገዳል፣ ሌላው በወረፋ ትንሽ ይጠብቃል። 300 ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከሚጋፋ፣ ወረፋው ይሻላል። ትልቁን ሰርቨር መለስን፤ ዛሬ የምንሠራው በዚያችው በመጀመሪያዋ ትንሿ ሰርቨር ላይ ነው። የእቁቤ ብር ግን አልተመለሰም። የትምህርት ቤት ክፍያ በሉት።

ምክሬ

ውድ አንባቢዎቼ፣ እናንተም በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከጀመራችሁ ሰው ሲበዛባችሁ ወዲያው ወደ ዶላር አትሩጡ። ቀርፋፋው ጥያቄ የቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። እንግዳው ካልጠየቀው ነገር በሩ ላይ የምታሠሩትን አንሡ። ከዚያ ማውጫ፣ ከዚያ ጀበና። የዳታቤዙን ቅጂ ማብዛት፣ መዝገቡን ለብዙ ሰርቨር መከፋፈል የሚባሉት ነገሮች አሉ፤ ግን ለትልቅ ቤት ናቸው። ሸኮና ሚዛን ገና አልደረሱበትም። ልምምዱን ደግሞ ለቀማው ሳይገባ አድርጉት።

የዚያኛው ምክሬ ለልባችሁ ነው። የሚያስጠነቅቃችሁን ጓደኛ በሳቅ አትለፉት። ከወደቃችሁም የሰውን ዲግሪ ከመስደባችሁ በፊት የራሳችሁን ቴሌግራም ወደ ኋላ አንብቡ።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አጎቴ ደወለልኝ። መንገድ ዳር ነው፤ የሰዉ ድምፅ ይሰማል። «አንተ ልጅ!» አለ። «አቤት ጋሼ?» «ከፈተ እኮ! አሁን ዋጋውን ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነው። በል ቻው፣ ልመዝን ነው» ብሎ ዘጋው። አላመሰገነኝም፤ እኔ ግን ስልኬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

ያቺ የካፌዋ ልጅስ? አትሉኝም! ሰሞኑን አገኘኋትና እየፈራሁ «ቆጣሪዋን አወጣናት እኮ» አልኳት።

«የምን ቆጣሪ?» አለችኝ። «እኔ ዋጋውን ነው የማየው። አባዬ ቡና አላቸው።»

ቸር ሰንብቱ!